በግድግዳችን ላይ የነበረችው ቅቤ ሻጭ

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን እንግዳ ይመጣል ተብሎ የግቢውን ዛፎች ግንድ ኖራ ሲቀቡ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። የእርጥብ ኖራ ሽታ በተሰበረው መስኮት ሲገባ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ተማሪዎቼ ስሌቱ የጠፋብኝ መስሏቸው ተሳሳቁ። ለሌላው ሰው የበዓል ሽታ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሸሸው ኖሬያለሁ።

ያደግኩት ሶዶ፣ የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ጠዋት ጠዋት እስከ ደጃችን በሚወርድበት ሰፈር ነው። ጎረቤታችን እትዬ ታደለች ሠዓሊ ነበረች፤ ያኔ ግን ማንም እንደዚያ ብሎ የጠራት የለም፣ ሰፈሩ የሚያውቃት "ቀለም ቀቢዋ" በሚል ነበር። እንጀራዋ የሱቅና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ መጻፍ ሲሆን፣ በተረፋት ቀለም ደግሞ በየጎረቤቱ የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ የከተማውን ሰው ትስል ነበር፦ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ሲያጠጣ፣ ልብስ ሰፊው መርፌ በከንፈሩ ይዞ ሲያፈጥ፣ ሁለት ሴቶች ከጸሎት ሲመለሱ ጭቃ እንዳይነካቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲራመዱ። ቀለሙን የሚወስነው የሳምንቱ ማስታወቂያ ስለነበር፣ ጋሪ ነጂው የመድኃኒት ቤት ሳምንት ደርሶት ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፤ ሰፈሩም በሄደበት ሁሉ "ተሻለህ ወይ?" እያለ ሲቀልድበት ከረመ። ምስል አይገባም ብለው ሲያጉረመርሙ የነበሩ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም በመጨረሻ፣ እሳቸውን የምትስል ከሆነ ባርኔጣውን እንዳትረሳ በልጃቸው በኩል ላኩባት።

እናቴ ቅቤ ሻጭ ነበረች። እትዬ ታደለች አንድ የገበያ ቀን አጠገቧ ተቀምጣ ስታያት ዋለችና፣ በማግስቱ በቤታችን የፊት ግድግዳ ላይ ሳለቻት። ጃንጥላዋ የተቀደደ፣ ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ፤ አንዲት ገዢ በጥፍሯ ቆንጥራ አፍንጫዋ ሥር ስታደርገው፣ እማዬ ሳቋን ይዛ ታያታለች። የሆቴል ማስታወቂያ ቡናማ ቀለም ስለደረሳት እድለኛ ነበረች፣ የገዛ መልኳን አገኘች። በሕይወቷ ፎቶ የተነሳችው አንዴ ብቻ፣ ለቀበሌ መታወቂያ ነው። ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ ከገበያ ስትመለስ በጓሮ መግባቷን ትታ፣ ረጅሙን መንገድ ዞራ በፊት ለፊት ትገባ ጀመር።

በእኛ ዘንድ አዲሱ ዓመት ጊፋታ ሲቃረብ ቤት ይለሰናል፣ ኖራ ይቀባል። ሥራው የቤቱ ሴት ልጅ ነው፤ ሰፈሩም ባለሙያ ናት ወይስ ሰነፍ የሚላት ግድግዳዋን አይቶ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እማዬ ለበዓሉ ቅቤ ልታመጣ ተበላ ወደምትባለው ከተማ ወርዳ ሁለት ቀን ስትቆይ፣ የጎረቤቱ ቤት ሁሉ ነጭ ሆኖ የእኛ ብቻ የክረምቱ ዝናብ እንዳጨማለቀው ቆሞ ታየኝ። አፈርኩ። ኖራውን በባልዲ በጥብጬ፣ መዝሙር እየዘመርኩ፣ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ፊቷ ላይ ስደርስ ትንሽ ቆም ማለቴ ትዝ ይለኛል። እትዬ ታደለች መልሳ ትስላት የለም ወይ አልኩ፤ ደግሞስ ራሷ እማዬ ነገ ትመጣ የለ፣ ሥዕሉ ምን ያደርጋል?

ስትመለስ ሸክሟን ሳታወርድ ግድግዳውን ብዙ አየችው። ፊቷ የተለወጠ ይመስለኛል፤ ወይም ይህን በኋላ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

"ደግ አደረግሽ ልጄ፣ የበዓል ቤት እንዲህ ነው" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

እትዬ ታደለችም ኖራው ይድረቅ እንጂ እንደገና እስላታለሁ ብላ ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ግን ሥራ በዛባት፤ ቀጥሎ እማዬን ጎኗን ያማት ጀመር፤ ዱቦ ሆስፒታል ተኛች፣ ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን አደረጉ፣ የካቲት ሳያልቅ ቀበርናት። መታወቂያዋን ለቀበሌ መለስን። ፎቶውን እንኳ እናስቀር የሚል ሐሳብ ለማናችንም አልመጣልንም።

ለቀስተኛው ሲበተን ግድግዳውን በውኃ ማጠብ ጀመርኩ፣ እምቢ ሲለኝ በማንኪያ ፋቅኩት። ኖራው ቀለሙን፣ ቀለሙ ጭቃውን ይዞ እግሬ ሥር ወረደ። በመጨረሻ የተረፈው የዚያች የማናውቃት ገዢ እጅ ነበር፣ ቅቤ እንደቆነጠረ። አባቴ መጣና ማንኪያውን ከእጄ ወሰደ፤ አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ቤቱም ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ።

አምና እትዬ ታደለች አረካ ከተማ ከልጇ ጋር እንደምትኖር ሰምቼ በሚኒባስ ሄድኩ። አርጅታለች፣ ግን ዛሬም ትስላለች፤ በልጇ የቆርቆሮ አጥር ላይ የባጃጅ ነጂዎች፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሙዝ የሚመዝኑ ሴቶች ተደርድረዋል። እናቴን እንድትስልልኝ ለመንኳት። በቁራጭ ጣውላ ላይ ገበያውን፣ ጃንጥላውን፣ የኮባ ቅጠሉን ሳታመነታ ሠራችው። ከአንገት በላይ ስትደርስ ብሩሹን አነሳችና፣ ስንቱን ሰው እንደሳለች፣ የእማዬ ፊት እንደጠፋባት ነገረችኝ። ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር። ግንባሯ ሰፊ ነበር? አፍንጫዋስ? አገጯስ? ለሁሉም በእርግጠኝነት መለስኩላት፤ በመካከሉ ግን ጣቴ ግንባሬን፣ ከዚያ አፍንጫዬን ሲዳብስ ያዝኩት። የምነግራት የራሴን ፊት ነበር። የእሷን ስፈልግ የለም፤ በኖራው የሸፈንኩት ዕለት ግድግዳው ላይ ብቻ የሸፈንኩት መስሎኝ ነበር።

እትዬ ታደለች ጨርሳ ጣውላውን ወደ እኔ አዞረችው። አንዲት ቆንጆ ሴት ቅቤ ይዛ ተቀምጣለች።

"እሷ ናት?" አለችኝ። "ልጇ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ንገሪኝ።"

ብዙ አየኋት። አላውቅም አልኳት።