ባቡሩ በሰዓቱ የሄደ ዕለት

ዛሬ ጠዋት የእህቴን ልጅ ከባቡር ልቀበል አንድ ትልቅ ሐብሐብ አቅፌ ታክሲ ያዝኩና «ለገሃር» አልኩ። ባለታክሲው ያልኩትን ፈጸመ፤ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ካለው አሮጌ ጣቢያ በር ላይ አወረደኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ዘበኛው ከጥላው ሳይነሳ፣ «አባባ፣ ባቡሩ ናጋድ ነው። እዚህ የሚሳፈሩት ፍየሎች ናቸው» አለኝ። እውነትም ሐዲዱ ላይ ሁለት ፍየሎች ተኝተዋል። አዲሱ የናጋድ ጣቢያ ከአምቡሊ ሰፈር ወዲያ መሆኑን ለእንግዳ ሁሉ የማስረዳው ደግሞ እኔ ነኝ!

ሌላ ታክሲ እስኪመጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ባልቀመጥ ይሻለኝ ነበር፤ የዚህ ጣቢያ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም። የአገራችን ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ የዞረበት ጊዜ ነው፤ ወደብ ላይ ጆንያ እቆጥራለሁ፤ ካርቲየ ሰባት በሚሉት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጸጉሬን በየቀኑ ቅባት እቀባለሁ። ጸጉር ነበረኝ ማለቴ ነው። ወርቅነሽ ካርቲየ ሁለት ልብስ ትሰፋ ነበር። እንደምወዳት ከእሷ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሐምሌ ላይ፣ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ የጋለ አሸዋ ፊት ላይ በሚበትንበት ሰሞን፣ እናቷ ድሬዳዋ በጠና መታመማቸው ተነገራት። ባቡሩ የሚወጣው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው። ሻንጣዋን ልሸከምላት ማልጄ ሄድኩ።

ያን ባቡር የምናውቅ ሰዎች ለሰዓቱ አንጨነቅም ነበር። ማለዳ ይወጣል ከተባለ ለምሳ ብንመጣም እንደርስበታለን እንላለን፤ ሸሚዙን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለብሶ የሚመለስ መንገደኛም አውቃለሁ። እናም ጣቢያው አጠገብ ፉል ቤት አስገባኋት። ትኩስ ዳቦ፣ ዘይት የዋኘበት ፉል፣ ሻይ በወተት። በአንድ እጇ ትበላለች፣ በሌላው የሻንጣዋን እጀታ ይዛለች።

«እንሂድ እንጂ» አለች።

«ምን አስቸኮለሽ? ሾፌሩ ገና አልነቃም።»

ሳቀች። ያን ሳቅ ላራዝመው ብዬ ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ። መሃል ላይ ጡሩንባ ተነፋ። ቀና ስትል፣ የመርከብ ነው አልኳት። የባቡሩ ነበር፤ ጆሮዬ አሳምሮ ያውቀዋል። ከነፋ በኋላም ግማሽ ቀን ይቆማል ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

ስንደርስ ጣቢያው ላይ የቀረው የሙዝ ልጣጭና የጫት ገራባ ነበር። የመጨረሻው ፉርጎ በሩቁ ይታያል። ያ ባቡር በሰዓቱ ሲወጣ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከባድ መኪና ፍለጋ ሮጥኩ፤ ሾፌሮቹ ሁሉ መንገዳቸው በጋላፊ በኩል ነው፤ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ አልተገኘም።

የሚቀጥለው ባቡር ከመውጣቱ በፊት ስልክ ተደወለ። እናቷ ተቀብረዋል። ሻንጣዋን ፈታች፤ ከላይ ለእናቷ የሰፋችው ቀሚስ ነበር። ድሬዳዋ ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። እኔን ግን አጽናናችኝ፦ «ባቡር ነው፤ ምን ታደርገዋለህ?»

እንድታገባኝ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ዛሬ ናጋድ ስደርስ የእህቴ ልጅ ፀሐይ ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሐብሐቡን አስታቅፌ ዝም አሰኘኋት። ወርቅነሽ ዛሬም እዚያው ካርቲየ ሁለት ትሰፋለች። ዓይኗ ስለደከመ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፤ እኔም ስለማላይ ለሁለት ሆነን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን መርፌውን ይዛልኝ፣ «ያን ዕለት የተነፋው እውነት የመርከብ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቆይ፣ ክሩ አመለጠኝ» አልኳት። መልሱን እስካሁን አልሰጠኋትም።