ከበር የመለስኳት ልጅ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ትምህርቱ በኦሮምኛ፣ ጽሕፈቱም ቁቤ በሚሉት በላቲን ፊደል ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የመጀመሪያ ልጄ ተድራ ነበር፣ ሁለተኛዋ ገና ነበረች። ከዚያ ተነስቼ ስቆጥር አንዴ ይጎድልብኛል፣ አንዴ ይተርፍብኛል። ዓመቱ ቢጠፋኝም ነገሩ ግን አልጠፋኝም። ቢጠፋኝ በወደድኩ።

ከአምቦ ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች ባንዷ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ዘበኛ ይበሉኝ እንጂ ደወሉን የምደውለው እኔ ነኝ፣ ደብዳቤ ለወረዳው የማደርሰው እኔ ነኝ፣ የተማሪ መዝገብ ከሪከርድ ቤት አውጥቼ ለመምህራን የማቀብለውም እኔ ነበርኩ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኘኋት ፊደል ናት፤ ይህንንም የምጽፈው በሷው ነው። መዝገቡ በቁቤ መጻፍ ሲጀምር ግን ጉድ ሆንኩ። ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ነው፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ጭራሽ የማላውቀው ሰው ሆነብኝ። ድሮ የተማሪ ስም ፈልጌ አወጣ የነበርኩት ሰውዬ መዝገቡን ተሸክሞ ማስቀመጥ ብቻ ቀረኝ።

አንድ ሥራ ግን ማንም አልወሰደብኝም። በምዝገባ ሰሞን ልጆቹን በር ላይ የምለካው እኔ ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር እኛ አገር አይታወቅም። እናት “መቼ ወለድሽው?” ስትባል “ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ጊዜ” ትላለች። ስለዚህ ልጁ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ በወዲያኛው በኩል ያለውን ጆሮውን ይንካ ይባላል። ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ይግባ። ካልነካ ይመለስ። “በራ ዱፉ ኮቱ” እላለሁ፣ ለሚመጣው ዓመት ና ማለት ነው። በቀን ስንቴ እንደምለው እኔ አላውቅም። ማታ ማታ ሚስቴ “በእንቅልፍህም ሰው ትመልሳለህ” እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ወላጅም ቀላል አይደለም። አንዷ ልጇን ከኋላው ቆማ ክርኑን በጉልበቷ ትገፋለታለች። አንዱ አባት ልጁን ሲያለማምደው ከርሞ፣ ልጁ ገና በሩን ሳያልፍ ጆሮውን ይዞ እየሮጠ መጣ። አንዷ ደግሞ ጠዋት የመለስኩባትን ልጅ ከሰዓት በኋላ ኮፍያ አድርጋለት መጣች።

“እናቴ፣ ይኼን ልጅ ጠዋት አላየሁትም?”

“ወንድሙን ነው ያየኸው።”

“ወንድሙም እዚችው አፍንጫው ላይ ጠባሳ አለው?”

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ሳቅ ይጥመኝ ነበር። ማንበብ ያቃተው ሰው በር ላይ ሲቆም ትልቅ ሰው ሆነ።

ዳይሬክተሩ በየዓመቱ ያው አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ “ጋሼ፣ ክፍል የለንም፣ ጠበቅ አድርግ።” እኔም ጠበቅ አደረግኩ። በቀኝ እጅ ካልሆነ አልቀበልም አልኩ። በቀኝ ይሁን ያለኝ ማንም የለም። የኔ ጭማሪ ነው።

ልጅቷን እናቷ ይዛት መጣች። እናትዬዋ ጌሾ ሻጭ ናት፣ ከከተማው ወጣ ብላ ከወንዙ ማዶ ነው የምትኖረው። ልጅቷ የትልቅ ሰው ሹራብ ለብሳለች፣ እጅጌው ጣቷን አልፎ ይንጠለጠላል። ተራዋ ሲደርስ ግራ እጇን በአናቷ ላይ አሻግራ ጆሮዋን ነካች።

“ሚርጋን!” አልኳት። በቀኝ ማለቴ ነው።

እናቷን አየች። እናትዬዋ አንድ ነገር ልትለኝ ከንፈሯን አላቀቀች፣ ከኋላ ያለው ሰው ግን እየገፋ ነው፣ እኔም ዓይኔ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄዷል። ልጅቷ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ቀጥ አድርጋ ሰማይ ሰማይ አሳየችው እንጂ ወደ ጆሮዋ አላጠፈችውም። እልኸኛ መሰለችኝ።

“ባንዲራ ልትሰቅይልን ነው እንዴ?” አልኳት።

ያን ቀን የሳቀው ሰው ብዛቱ! ልጆቹም፣ ወላጆቹም፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚመዘግበው መምህርም ሳቁ። “በራ ዱፉ ኮቱ” አልኩና የሚቀጥለውን ጠራሁ።

በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ልጅቷ አድጋለች፣ ሹራቡ ያው ነው። አሁንም ግራ እጇን አነሳችና የቀኝ ጆሮዋን ጥርት አድርጋ ያዘችው፤ ነክታ ብቻ አልቀረችም፣ ጨበጠችው። አየሁ። ማየቱን አይቻለሁ። ግን ሰው እየተመለከተኝ ነበርና “ሚርጋን!” አልኩ። ቀኙን እንደ አምናው ቀጥ አድርጋ ሰቀለችው።

“ዘንድሮም ባንዲራ?”

እንደገና ሳቁልኝ። ልጅቷ እጇን አወረደችና እናቷን ሳትጠብቅ ዞራ ሄደች። እናትዬዋ ትንሽ ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ተከተለቻት። በሚቀጥለው ዓመት አልመጡም፣ ከዚያም በኋላ አልመጡም። እኔም አላስታወስኳቸውም። የገባ ልጅ በመዝገብ ይጻፋል፣ የተመለሰውን የሚጽፍ ግን ማንም የለም።

ከዚያ ወረዳው በነሐሴ ቤት ለቤት ቆጠራ ይደረግ አለ፤ ዕድሜው ደርሶ ቤት የቀረ ልጅ ሁሉ ከነምክንያቱ ተጽፎ ይምጣ ተባለ። አዲስ የሪከርድ ሠራተኛ ተቀጥራልን ነበር፣ ገና ወጣት ሴት ናት። ሪከርድ ቤቱን በሁለት ወር ውስጥ እንደ ቤቷ አደረገችው፤ አይጥ የበላውን ሁሉ በክር ሰፍታ መለሰችው። እሷ ልትጽፍ፣ እኔ ቤቱን ላሳያት ተላክን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ጃንጥላችን አንድ። “አባባ፣ እርስዎ ይያዙት፣ እኔ ደብተሩን በሹራቤ ውስጥ አደርገዋለሁ” ትለኛለች።

ወንዙን ተሻግረን አንድ ግቢ ገባን። በረንዳው ላይ የተሰጣ ጌሾ አለ። እናትዬዋን ሳያት የማውቃት መሰለኝ እንጂ ከየት እንደሆነ አልመጣልኝም። የሪከርድ ቤቷ ልጅ ጠየቀቻት፣ እናትዬዋም ስንት ልጅ እንዳላት ተናገረች፤ አንዲቷ ወደ አሥራ አንድ ዓመት ይሆናታል፣ ትምህርት ቤት አልገባችም።

“ለምን አልገባችም?”

እናትዬዋ በአገጯ ወደኔ አመለከተች። “እኚህን ጠይቂያቸው” አለች።

በዚህ መሀል አጥር ላይ የተንጠለጠለ አንድ የጎረቤት ልጅ ወደ ጓሮ ተጣራ፤ “ባንዲራ! ኮቱ! እንግዳ መጥቷል!”

ከጓሮ ወጣች። ቀሚሷ እጅጌ አልነበረውም። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ክርኗ ላይ ትልቅ እባጭ መሳይ አጥንት አለ። ሕፃን ሆና ከቆጥ ወድቃ፣ ወጌሻ ቀጥ አድርጎ አስሮት እንደዚያው ደርቆ ቀረ። አይታጠፍም። መቼም አልታጠፈም። በሌላ እጇ የጌሾ ቅጠል ይዛለች። አየችኝ፣ ቅጠሉን ጣለችና ተመልሳ ወደ ጓሮ ገባች።

መሬቱ አልዋጠኝም እንጂ እኔ ለመዋጥ ዝግጁ ነበርኩ።

አሁን የምጽፈው የማፍርበትን ነው። የሪከርድ ቤቷ ልጅ ብዕሯን ይዛ “ምክንያት ምን ልበል?” ስትለኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ “ድህነት በይው” አልኳት። በአማርኛ ነው ያልኩት፣ እናትዬዋ የማትሰማ መስሎኝ። ሴትዬዋ ግን ገበያ ውላ የምታድር ናት። ቤት ገባችና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ሁለት ደብተርና አንድ እርሳስ፤ እርሳሱ አልተቀረጸም፣ ደብተሮቹም ባዶ ናቸው።

“ድሃስ ነኝ” አለችኝ በአማርኛ፣ “ግን ገዝቼላት ነበር።”

የሪከርድ ቤቷ ልጅ በምክንያቱ ቦታ ምንም አልጻፈችም። ደብተሩን ዘጋችና “እናቴ፣ ዘንድሮ አምጫት፣ እኔ ራሴ እመዘግባታለሁ” አለቻት።

“እኔ ማምጣቱን አመጣታለሁ። እሷ ናት እንቢ የምትል። የዚያን በር ስም ስትሰማ ትሸሻለች።”

ስንመለስ ወንዙ ጋ “አባባ” አለችኝ፣ “ይቺን ልጅ እኔ ሄጄ ብለምናት አትመጣም። የመለሳት ሰው ነው ሊያመጣት የሚችለው።”

“ምን ብዬ?”

“የሆነውን ብለው።”

ምዝገባው ተጀመረ። የአንደኛ ክፍል ስም ዝርዝር በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረዳ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ስም የለም፣ ቦታውም ይሞላል። በየጠዋቱ ቁልፍ ላቀብላት ስሄድ “ሄዱ?” ትለኛለች።

“ዛሬ ወንዙ ሞልቷል።”

በነጋታው፣ “ሄዱ?”

“ዛሬ ገበያ ነው፣ እናቷ የለችም።”

ወንዙ አልሞላም ነበር። ጎልማሳ ሰው፣ ልጅ የዳረ፣ በዕድር ሰው የሚያስታርቅ፣ አንዲት ፍሬ ልጅ ፊት ቆሞ አጠፋሁ ማለት ከብዶት ነው። ሽማግሌ ልላክ ይሆን ብዬ ሁሉ አስቤአለሁ። ለልጅ ሽማግሌ!

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። እኔ ቁቤ ማንበብ አልችልም፣ ግን ከመጨረሻው በላይ አንድ መስመር ባዶ መሆኑን ለማየት ማንበብ አያስፈልግም። “ይኼን ትቼዋለሁ” አለች። “ዳይሬክተሩ ለምን ባዶ ሆነ ሲለኝ ቁጥር ተሳስቻለሁ ብየዋለሁ። ነገ ጠዋት ግን ይሄዳል።” ጃንጥላዋን አነሳችና ሪከርድ ቤቱን ቆለፈችው፤ የምሳ ሰዓት ነበር። አብራኝ ወጣች። ወንዙን ተሻግረን የነልጅቷ ግቢ በር ላይ ስንደርስ “እኔ እዚህ ነኝ” ብላ ቆመች።

ልጅቷ ጌሾ ትለቅማለች። ልትነሳ ስትል “አትሂጂ፣ እኔ እሄዳለሁ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና” አልኳት። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። በኦሮምኛ እንዲህ አልኩ፤ በግራ እጅሽ ነክተሽ ነበር፣ በመጀመሪያውም ቀን፣ በሁለተኛውም። አልፈሽ ነበር። በቀኝ የሚባል ሕግ የለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ስሙንም ያወጣሁብሽ እኔ ነኝ። ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው።

መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ ቀና ሳትል “እርስዎ አሁንም በሩ ላይ ነዎት?” አለችኝ።

“አዎ፣ ሥራዬ ነው።”

“እንግዲያው አልመጣም።”

ይህን አልጠበቅኩም። ይቅር ትለኛለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ወጥቼ ለሪከርድ ቤቷ ልጅ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ፈራሁ፣ አልሳቀችም። “ታዲያ ከበሩ ይነሱ” አለችኝ፣ ልክ ወንበር አዙሩ እንደማለት።

ያን ከሰዓት ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። በሩን ለሌላ ሰው ስጡት፣ እኔን በጓሮ በኩል አድርጉኝ፣ ባሕር ዛፉንና የውኃውን ቧንቧ ልጠብቅ አልኩ። “ምን ሆነሃል ጋሼ፣ ያለ አንተ ይኼ በር በር ይሆናል?” አለኝ። ምክንያቱን ሳልደብቅ ነገርኩት። “ጠበቅ አድርግ ያልኩህ እኔ ነኝ” አለ፤ ጥያቄዬንም ተቀበለ። ወደ ልጅቷ ቤት የላክናት መልእክተኛ ራሷ የሪከርድ ቤቷ ልጅ ነበረች፤ ወንዙን በአንድ ቀን ሁለቴ ተሻገረች።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ እናቷን ይዛ መጣች። እኔ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆኜ ነው ያየኋት። ባዶው መስመር ተሞላ። ዕድሜዋን ዘጠኝ ብለው ጻፉላት፣ አሥራ አንድ ቢሉ ወረዳው አይቀበልም ነበር፤ ያ ውሸት በኔ ምክንያት እስከ ዛሬ መዝገቡ ውስጥ አለ። መምህሯ በግራ እጇ እንድትጽፍ እንዲተዋት አስቀድሞ ተነግሮታል። ከሷ ትከሻ በታች ከሆኑ ሕፃናት ጋር ዓመቱን ጨረሰች፣ በሚቀጥለው ደብል መታች፤ አንድ ክፍል ዘላ አለፈች ማለት ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ እናቷ አጎቷ ወዳለበት ወደ ባኮ ስትሄድ ልጅቷም መሸኛዋን ይዛ ሄደች። እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን ብቻ በቧንቧው በኩል ስታልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለች። ለኔ ይሁን አጠገቤ ለቆመው ውኃ ቀጂ አላወቅኩም። አልጠየቅኩም።

ሰዎች “አንዷን አስገብተሃታል፣ በቃ” ይሉኛል። እኔ የማስበው የቀሩትን ነው። ስንት ዓመት በዚያ በር ቆምኩ? እጁ ያጠረው ምግብ አጥሮት የነበረ ስንት ነበር? አባቱ ለሁለተኛ ጊዜ ያላመጣው ስንት ነበር? የማንንም ስም አላውቅም፣ የትም አልተጻፈም። ሄጄ አጠፋሁ የምለው ሰው የለም።

አንዷን እንኳ አጠፋሁ እንድላት ያደረገችኝ፣ መስመሩን ባዶ ትታ የጠበቀችኝ፣ የግቢውም በር ድረስ ይዛኝ የሄደች ያቺው የሪከርድ ቤቷ ልጅ ናት። ኋላ ወደ እንጭኒ ተዛውራ ሄደች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ እሷም አትወድም፤ ስጸልይ ግን ከልጆቼ ስም ቀጥዬ የምጠራው የሷን ነው።