ከጥሩንባው ዓለት እስከ አርብ ገበያ

መጀመሪያ በደሉ ይጻፍ። ታች ጋይንት ያለው የቀበሌያችን ጤና ኬላ ኢንተርኔት ከሚገባላቸው ዝርዝር ወጥቷል። ምክንያቱ አንዲት መስመር ናት፦ «ከአርብ ገበያው የኔትወርክ ማማ አይታይም።» በጤና ኬላው የምትሠራው የልጅ ልጄ ጥሩወርቅ ናት። ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣባት አምቡላንስ ለመጥራት ስልኳን ይዛ ዳገት ትሮጣለች። ባለፈው ክረምት እናቲቱን ትታ ሮጣ ስትመለስ ሕፃኑ አልተረፈም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነው፦ አይታይም ያለው ማን አይቶ ነው?

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

በሶዬን ቋጥሬ ወጣሁ። ጉልበቴ ደጃፌን ሳልለቅ መክሰስ ጀመረ። ጭንጫ፣ የገብስ ማሳ፣ ገደል፣ እንደገና ገብስ። አርብ ገበያ ስደርስ ሚኒባሱ ሞልቷል። ረዳቱ ግን «እማማ፣ እዚህች ጋ ጠጋ ይበሉ» ብሎ በሽንኩርት ጆንያና በአንድ ቄስ መካከል ሰካኝ።

«ወዴት ነው፣ እናቴ?» አሉ ቄሱ።

«ክስ አለኝ፣ አባ።»

«ማንን ነው የሚከሱ?»

«ስሙን ገና አላገኘሁትም።»

ሐሙስ፣ ንፋስ መውጫ

ሦስት ቢሮ ተንከራተትኩ። አንዱ ካርታው ነው ይላል፤ ሌላው ኮምፒውተሩ ነው ይላል፤ የሦስተኛው አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው። አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ የኢንተርኔቱን መስመር ጥናት የሠራው መሐንዲስ መጣ። ሀብታሙ ይባላል፣ ለጋ ነው።

«እማማ፣ መካከል ላይ ኮረብታ አለ። ሞገዱ ኮረብታ አያልፍም።»

«የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ሰው ሲሞት ከጤና ኬላው በላይ ካለው ዓለት ላይ ይነፋል። አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። ጥሩወርቅም የምትደውለው ከዚያው ላይ ነው።»

«ድምፅ ኮረብታ ዞሮ ይሄዳል። ይኼኛው ግን ፊት ለፊት ካልተያየ አይሆንም።»

«እንግዲያው ና ተያይ!»

ሳቀ። ነገ ለሙከራ አርብ ገበያ እንደሚወርድ ነገረኝ። መኪናው ውስጥ ቦታ እንዳለ አልጠየቅኩትም፤ እንደምሳፈር ነገርኩት። ማታ የእህቴ ልጅ ቤት እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀመጥኩ።

አርብ፣ ዓለቱ ላይ

ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ሲወጣ እኛ ቁልቁል ወረድን። የሀብታሙ ባልደረባ መስታወት ይዞ አርብ ገበያ ማማው ሥር ቀረ። ሀብታሙ ሳህን የሚመስሉ መቀበያዎች ተሸክሞ ሦስት ጊዜ አረፈ። እኔ ሁለት ጊዜ።

ዓለቱ ላይ ስንደርስ ማዶው በአቧራ ደብዝዟል። ልቤ ፈራ። ሀብታሙ ስልኩን አንስቶ «መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዙረው» አለ። ጠበቅን። ከዚያ ከማማው ሥር ብልጭ አለ፤ ደግሞ ብልጭ።

አንዱን ሳህን ለጊዜው ባቆመው ምሰሶ ላይ አስሮ በጣት በጣት አዞረው። ላፕቶፑን አየ። እንደገና አዞረ። «ያዘ!» ብሎ ጮኸ። ሌላ ሳህን ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ወደ ዓለቱ አቀናው፤ እሱም ያዘ። ጥሩወርቅ ከበሩ ሳትወጣ አምቡላንስ መጥራት እንደምትችል ሲነግራት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ዝርዝሩን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ፣ እማማ» አለኝ። «ቋሚው ምሰሶ ዓለቱ ላይ ይተከላል።»

«እሱንስ ሰማሁ። የምጠይቅህ ሌላ ነው። አይታይም ያለው ማን አይቶ ነው?»

የተረፈውን ገመድ መጠቅለሉን ተወ።

«ከካርታ ነው የጻፍኩት፣ እማማ። ማንም መጥቶ አላየም።»