የታላቅ እህቴ ደብተር

እናታችንን የገደላት በሽታ ከእጇ ጀመረ፤ ከዚያ ምላሷን አሰረ፤ አእምሮዋን ግን አልነካውም። የከተማችን የሺንሺቾ ሰው "እርግማን ነው" አለ። ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ ግን "ኤኤልኤስ የሚባል የነርቭ በሽታ ነው" እያለች በቀበሌ ስብሰባ ሳይቀር ተሟገተች። እንደ እናታችን የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እየገባች፣ "መጀመሪያ ከእጃችሁ ምን ወደቀ?" ብላ ትጠይቅና መልሱን በደብተሯ ትጽፍ ነበር። እኔ ደግሞ "የሰው መከራ ለቅመሽ ምን ልታገኚ ነው?" እያልኩ እጮህባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከእህቴና ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ስንፍቅ የቀርከሃው መፋቂያ ከእጄ ወደቀ። አንስቼ ቀጠልኩ። እንደገና ወደቀ። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። እህቴ ግን አልሳቀችም። እጇን ታጥባ ቤት ገባችና ደብተሯን ይዛ ወጣች።