ጂንካ ያልነበረው የወረቀት ፋብሪካ

ጂንካ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ግዛቸው ወንበር ሳይሰጡኝ ሠንጠረዥ ሰጡኝ። ከደብረ ብርሃን የተመደብኩ የኢነርጂ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ወረዳዎች ከተረፈ ምርት ያገኙትን ኃይል ከዓመት ዓመት ማወዳደር ነው። ሠንጠረዡ ለመላ አገሪቱ የተዘጋጀ ስለሆነ የመጀመሪያው ረድፍ "ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት" ይላል። እንጨት ተቀቅሎ ወረቀት ሲሠራ የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ነዶ ኃይል ይሰጣል፤ ይህን ተምሬዋለሁ።

"የወረቀት ፋብሪካው የት ነው ያለው?" አልኳቸው።

"እዚህ? የለም።"

"ታዲያ ረድፉስ?"

"ረድፉ አለ። ሙዪው።"

ሰረዝ አደረግሁበት። ከበላይ ተደውሎ ሰረዝ ሪፖርት አይደለም ተባልኩ። ዜሮ ጻፍኩ። በዓመቱም ዜሮ። "ለውጥ ያልታየበት ምክንያት ይብራራ" የሚል ደብዳቤ መጣ። "ፋብሪካ ስለሌለ" ብዬ መልስ አዘጋጀሁ። አቶ ግዛቸው አጠረ ብለው "ከበጀት እጥረት ጋር ተያይዞ" የሚል ጨመሩበት።

በሦስተኛው ዓመት ስሟን የማልጠራት አንዲት ወረዳ በዚያ ረድፍ ቁጥር ላከች። በአራተኛው ቁጥሩ አደገ። ወረዳዋ አንደኛ ወጥታ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ሌሎችም ሄደው ልምድ እንዲቀስሙ ታዘዘ። አስጎብኚዋ እኔ ነኝ። የሌለ ፋብሪካ ላስጎበኝ!

ቀድሜ ልየው ብዬ እስከ ቀይ አፈር ከተማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በአይሱዙ ጭነት መኪና ሄድኩ። የወረዳው ባለሙያ ማርቆስ የሚባል የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነበር።

"ፋብሪካው የታለ?"

"የቱ ፋብሪካ?"

"የወረቀቱ።"

"ወረቀቱ አለ፤ ፋብሪካ ግን የለንም" አለና ወደ ትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ወሰደኝ።

የጽሕፈት ቤቱን አሮጌ ወረቀት በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፋል። ሲላቁጥ ከሰጋቱራና ከቡና ገለባ ጋር ለውሶ፣ በእጅ መጭመቂያ ጨምቆ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ምግብ አብሳይዋ "እንጨት ፍለጋው ቀርቶልኛል፤ ጭሱ ግን ያው ነው" አለችኝ። ማርቆስ የነደደውን ሁሉ መዝኖ በደብተር ይዟል። ሠንጠረዡ ላይ "ወረቀት" የሚል ቃል ያገኘው እዚያ ረድፍ ላይ ብቻ ስለነበር እዚያው ሞላው። ወደ እኔ ከመጡት ቁጥሮች ሁሉ ሚዛን ላይ የወጣው የእሱ ብቻ ነበር።

ጂንካ ተመልሼ የእሱን ቁጥር "ሌሎች" ወደሚለው ረድፍ አዛወርኩ፤ ጉብኝቱም ቀረ። የሙያ ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ኮራሁ።

ከወር በኋላ ማርቆስ ደወለ።

"እህቴ፣ ተገመገምኩ። ከአንደኛ ወደ ዜሮ ወርደሃል፣ ፋብሪካውን ምን አደረግኸው አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"እንኳን ሲወድቅ ሲቆምም አላየሁት አልኳቸው። ያሾፍኩ መሰላቸው። ከሥራ ሊያነሱኝ ነው።"

አፈርኩ። ቁጥሩን ሳዛውር አንድ መስመር ማብራሪያ አልጻፍኩም ነበር፤ የበላዮቹ ያዩት ባዶውን ረድፍ ብቻ ነው። ያኔ ከማርቆስ ለናሙና ካመጣሁት የወረቀት ማገዶ አንድ ኬሻ ተሸክሜ አቶ ግዛቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፋብሪካው።"

ብናኙን ከኮታቸው ላይ እያራገፉ ብዙ ተቆጡ። ቀጥሎ ግን ስህተቱ የኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ፈረሙልኝ። የሁለቱን ዓመት ንጽጽር እንደ አዲስ ሠራሁት። ማርቆስ ከሥራው አልተነሳም። የምስክር ወረቀቱን እንዲመልስ ሲጠየቅ "ዘፍዝፌዋለሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ አንድም ቁጥር ከረድፍ ወደ ረድፍ ሳዛውር ምክንያቱን እዚያው ገጽ ግርጌ ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም። እናንተም ጻፉ።