ትርንጎ መዳፏን የዘረጋች ዕለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ዛሬም ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ያ ቀን እንደ ሕልም ይመጣብኛል፤ አንዳንዴማ እውነት ሆኖ ነበር ወይ እላለሁ።

እኔ ወረታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ብዙ ቃል አይወጣትም። ውኃ ማየት ትወዳለች። ክረምት ላይ የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት ደጃፍ ቆማ ጣቶቿን እያርገበገበች ለብቻዋ ትስቃለች፤ ምን እንደሚታያት እግዜር ይወቅ።

ችግሩ እጇን መንከሷ ነበር። እስኪደማ ትነክሰዋለች፤ እንቅልፍም አልነበራትም። ሐኪም ቤት ወስደናት ማታ ማታ የምትወስደው ግማሽ ክኒን ታዘዘላት። ሐኪሟ «ይኼ ኦቲዝሙን አያጠፋም፤ እንደዚያ ያለ መድኃኒት የለም። ንክሻውን ያበርድላታል፣ እንቅልፍም ይሰጣታል። ብቻ ሳታማክሩን በድንገት እንዳታቋርጡባት» አለችን። እውነትም በረደላት። ማታ ከብቱ ከሜዳ ሲገባ ትርንጎ ራሷ መጥታ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ክኒኗን ውጣ ደጅ ትቀመጣለች። አንድም ቀን አታዛንፍም።

እናታችን ግን ደስ አላላትም። «ካልፈወሳት ምኑን መድኃኒት ሆነ?» ትላለች። እሷ ራሷ ደም ግፊት አለባት፤ የታዘዘላትን ክኒን ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት «በክኒን የምትኖር ከምባል ብሞት ይሻለኛል» ትለን ነበር። አንድ ቀን ወድቃ እናጣታለን ብዬ ስፈራ ነው የኖርሁት።

በመጨረሻ ትርንጎን ጣራ ገዳም ጸበል እንውሰዳት አለች። እሺ አልሁ። «ክኒኑን ግን እዚሁ ትተሽው ነይ፤ በጸበል ላይ መድኃኒት አይሆንም፤ መነኮሳቱ ቢሰሙ ያባርሩናል» ስትለኝ ደሜ ፈላ። እኔ ደግሞ ቶሎ እገነፍላለሁ። ያን ቀን ግን አፌን ዘግቼ ክኒኑን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርሁት።

በይፋግ አልፈን፣ ከመኪና ወርደን ዳገቱን ስንወጣ ጉም ነበር። ዛፎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይላሉ፤ ድምፃችን ሳይቀር የሌላ ሰው ይመስላል። ትርንጎ ስትጠመቅ ትጮኻለች ብዬ ነበር። ውኃ አይደል! ሳቀች። እናቴ «እሰይ፣ ተፈወሰችልኝ!» ብላ እልል አለች።

ከቀትር በኋላ ጉሙ ተነሣ። ፎገራ በሙሉ ከታች ተዘርግቶ፣ ሩዙ ሊደርስ ወይቦ፣ የቀረው ውኃ እዚህም እዚያም ያብለጨልጫል። ጣናና ሰማዩ ተቀላቅለው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሦስታችንም ቁልቁል ስናይ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅነውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታች ከብቱ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ መግባት ጀመረ። ትርንጎ አየችው። መዳፏን ዘረጋች።

ጉዴ ፈላ አልሁ በልቤ። እናቴ እጇን ይዛ አወረደችው። መልሳ ዘረጋች። እንደገና አወረደችው። ያን ጊዜ ትርንጎ ሌላውን እጇን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ረስተነው የነበረው ንክሻ መጣ።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ለእንግዶች መክፈልት እያደሉ ሲመጡ የተዘረጋውን መዳፍ አዩና የተባረከውን የዳቦ ቁራሽ አስቀመጡላት። ትርንጎ አየት አድርጋ መሬት ጣለችው። መክፈልት መሬት! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። መነኩሴው ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ሳም አድርገው ራሳቸው በሉትና «እንግዲያ የምትፈልገው ይኼን አይደለም፤ ምንድን ነው?» አሉ።

«ምንም አይደል አባ፣ ርቧት ነው» አለች እናቴ።

የእህቴን እጅ አየሁት፤ ደምቷል። «ይፍቱኝ አባ፣ መድኃኒቷን ነው። ደብቄ ይዤዋለሁ» ብዬ ቋጠሮውን ፈታሁ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

መነኩሴው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከካባቸው ሥር አንድ ፍሬ ክኒን አወጡ። «የደም ግፊቴ ነው፤ የእኔም ሰዓት ደርሷል» አሉ። «የደበቃችሁት ከእኔ ነው ወይስ ከእግዜር? ጸበሉን የባረከ ለሐኪሙም ጥበቡን ሰጥቶታል። በሉ ጸበል አምጡ።»

መጀመሪያ እሳቸው ዋጡ። ትርንጎ አፋቸውን ትክ ብላ አየች። ከዚያ እሷ ዋጠች። «ንክሻው ይብረድላት እንጂ ሌላው ያው እሷነቷ ነው፤ ልጅሽ ናት» አሏት እናቴን። እናቴ አለቀሰች።

በማግሥቱ ወረታ ተመልሰን፣ ከብቱ ሲገባ ክኒኗን ሰጠኋት። አልውጥም አለች። ይዛው እናቴን ታያለች። ለመንኋት፣ ተቆጣሁ፣ እምቢ! ትርንጎ አንድ ነገር ባየችው መልክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። ቆይቶ ገባን፤ ትልቅ ሰው ቀድሞ መዋጥ አለበት። እናቴ «ኧረ ወዲያ! እኔ አላደርገውም» አለች። እህቴ እጇን ወደ አፏ ስታስጠጋ ግን ሮጣ ሳጥኑን ከፈተች፤ ክኒኗን አውጥታ ዋጠች፤ ትርንጎም ተከተለቻት። በነጋታው ሐኪም ቤት ሄዳ ተለካች፤ አዲስም ታዘዘላት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። እናቴ እያጉረመረመች ትውጣለች፤ ትርንጎ አፏን አስከፍታ ካላየች አታምናትም። ከዚያ የራሷን ትውጥና ሜዳውን እያየች ጣቶቿን ታርገበግባለች። እኔ ከስፌቴ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። እናቴን አጣታለሁ እያልሁ የምፈራው ፍርሃት ለቀቀኝ፤ አሁን ጠባቂ አላት።