ያላጠብኩት ነጠላ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ዛሬም ነጠላ ሳጥብ እጄ ሳሙናው ላይ ቆም ይላል።

የምኖረው ጅግጅጋ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ባለች መንደር ይኖራሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል። መንገዱ አላስተማምን ብሎኝ ሳልሄድ ከረምኩ። በስልክ ድምፄን ሲሰሙ ያለቅሳሉ፤ የዚያን ቀን እህል አይቀምሱም፤ እህቴ ናት የነገረችኝ።

ሼህ ሰይድ የሚባሉ ሸማኔ አብሮ አደግ አሏቸው። ከሥራ መልስ ተገናኝተው አንዱ ከኦሪት፣ ሌላው ከቁርኣን እያወጉ ይከራከራሉ። የዚያን ሰሞን የያዙት የዮሴፍን ታሪክ ነበር።

አንድ ቀን ስደውል ስልኩን ያነሱት ሼህ ሰይድ ናቸው።

«ልጄ፣ ያዕቆብ በልጁ ናፍቆት ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ዩሱፍ የለበሰውን ቀሚስ ልኮ ፊቱ ላይ ቢጥሉለት በራለት። አንቺም የለበስሽውን ላኪ።»

«አንተ ሸማኔ፣ ነገርህ ሁሉ ከልብስ አይወጣም!» አሉ አባቴ ከኋላ። «በእኛ መጽሐፍ ይህ የለም። እግዜር ያዕቆብን፣ ልጅህ እጁን በዓይንህ ላይ ያኖራል ነው ያለው። እጅ!»

«እጁ እስኪመጣ ልብሱ ይቅደም፣ አንተ ደብተራ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ነጠላዬን ለመላክ ተነሣሁ። ግን ያደፈ ልብስ ለመሪጌታ እንዴት ይላካል? ነውር መሰለኝ። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በነጋዴ እጅ ሰደድኩት።

በደረሰ ቀን ሼህ ሰይድ ደወሉ።

«ምነው ልጄ? አባትሽ አሸተተ፣ አሸተተና ‹ይሄ ሳሙና ነው፤ ልጄ የለችበትም› ብሎ አስቀመጠው። የዩሱፍን ቀሚስ ማን አጠበው?»

ፍልሰታ ገባ። ሱባዔውን ሙሉ ያስቀደስኩበትን ነጠላ፣ ላቤም እንባዬም እንዳለበት፣ እያፈርኩ ላክሁ።

ሲደርስ እህቴ ደወለችልኝ። አባቴ ፊታቸውን ሸፍነውበት ተቀምጠዋል አለች። ቆይተው ስልኩን ተቀበሏት።

«መጣሽ?» አሉኝ።

«መጣሁ፣ አባ።»

«ዓይንህ በራ?» ሲሉ ሼህ ሰይድ ከጎን ተሰሙኝ።

«አልበራም። ዝም በል፣ አትረብሸኝ።» ከዚያ ለእህቴ፣ «በይ እንጀራውን አቅርቢልን» አሏት።

ዓይናቸው ዛሬም አልበራም። ነጠላውን ተንተርሰው ነው የሚተኙት፤ ማንም እንዳያጥበው ብለዋል። እኔም መንገዱን አቅንቶ በሕይወት እንዲያገናኘን በየጸሎቴ እለምናለሁ። በሼህ ሰይድ መጽሐፍ ያለው ደርሶላቸዋል። በአባቴ መጽሐፍ ያለው፣ እጄ፣ ገና እዚህ ከእኔው ጋር ነው።